ምዕራፍ 7፦ መብራት ሲመጣ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ፣ ማታ ሄዶ የነበረው መብራት ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማው የልጆች እልልታ ነው። አምፖሉ ቦግ ይላል፤ ፍሪጁ ማጉረምረም ይጀምራል። ሁለት ዕቃዎች ግን ቶሎ አይነሱም። ራውተሩ መብራቶቹን እያበራና እያጠፋ ይቆያል፤ ዋይፋዩ ገና አልመጣም። ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ሪሲቨር ደግሞ በፊቱ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት «ቡት» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ያስጠብቃል።

አምፖል የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ብቻ ስለሆነ ወዲያው ይበራል። ራውተርና ሪሲቨር ግን ሳጥን የለበሱ ኮምፒውተሮች ናቸው። ፕሮሰሰር አላቸው፣ ራም አላቸው፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተምም አላቸው። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ከርነል ይባላል፤ ሜሞሪውን የሚያከፋፍለው፣ ለፕሮግራሞች ተራ የሚሰጠው፣ ገመዱንና አንቴናውን የሚያዝዘው እሱ ነው። ዕቃው በሚሠራበት ጊዜ ከርነሉ የሚኖረው ራም ውስጥ ነው። ራም ደግሞ የሚያስታውሰው መብራት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ከርነሉ ከራም ይጠፋል፤ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ መጫን አለበት።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም የሚጭነው ሌላ ፕሮግራም ከሆነና ራሙ ባዶ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ማን ይጭነዋል? መልሱን የሚያውቅ ሰው «ሞቷል» የተባለውን ዕቃ ከመጣሉ በፊት ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ምዕራፉም የተጻፈው ለዚያ ነው።

መብራት ቢሄድም የማይረሳው ቺፕ

ብዙዎቻችን ፍላሽ ሲባል ትዝ የሚለን ኪሳችን ውስጥ የምንይዘው ዩኤስቢ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ቅርብ ዘመዱ፣ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚኖረው ቺፕ ነው። የርካሽ ራውተር ወይም የሪሲቨር ክዳን ሲከፈት ስምንት እግር ያላት፣ ከጣት ጥፍር የምታንስ ጥቁር ቺፕ ብዙውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ትታያለች። በላይዋ ላይ 25ኪው32፣ 25ኪው64 ወይም 25ኪው128 የሚል ተጽፎ ይገኛል። የመጨረሻው ቁጥር የሚቆጥረው ሜጋቢት ነው። ለ8 ሲካፈል ሜጋባይቱ ይወጣል፦ 32 ማለት 4 ሜጋባይት፣ 64 ማለት 8፣ 128 ማለት 16። ያ ሁሉ ሥራ የሚሠራበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚያድረው እዚያች ውስጥ ነው።

ፍላሽ ሜሞሪን የፈለሰፉት በቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። ሐሳባቸውን በ1984 እ.ኤ.አ. ለዓለም መሐንዲሶች ጉባኤ አቀረቡ። በቺፑ ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ሕዋስ በማያስተላልፍ ንጣፍ የተከበበች ትንሽ ክፍል አላት። ኤሌክትሮኖች በግፊት ወደዚያ ክፍል ይገባሉ፤ ከገቡ በኋላ መውጫ ስለሌላቸው መብራት ቢሄድም እዚያው ይቆያሉ። ኤሌክትሮን የታሰረባት ሕዋስ 0 ተብላ ትነበባለች፤ ባዶዋ ደግሞ 1። የዚህ ዓይነት ቺፕ አምራቾች የተጻፈው ነገር እስከ 20 ዓመት እንደሚቆይ ይገልጻሉ።

የፍላሽ ጠባይ ግን ከወረቀት ይለያል። ሲጻፍበት 1ን ወደ 0 መቀየር ይቻላል፤ 0ን ለብቻው ወደ 1 መመለስ አይቻልም። ለመመለስ አንድ ሙሉ ብሎክ፣ ብዙ ጊዜ 64 ኪሎባይት፣ በአንድ ላይ መደምሰስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሶፍትዌር ሲቀየር መጀመሪያ አሮጌው ይደመሰሳል፤ አዲሱ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ አሮጌውም አዲሱም የሌለባት ጊዜ ናት። ይህችን ጊዜ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የብዙ ዕቃዎች አደጋ ያለው እሷ ላይ ነው።

ፍላሽ ሁለት ዓይነት ነው። ኖር የሚባለው ባለ ትንሽ አቅም ሲሆን ፕሮሰሰሩ ከፈለገው አድራሻ አንዲት ባይት ሳይቀር ማንበብ ይችላል። ናንድ የሚባለው ሰፊና ርካሽ ነው፤ የሚነበበው ግን በገጽ ነው፤ አንዱ ገጽ ለምሳሌ 2048 ባይት ይሆናል። ናንድ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የተበላሹ ብሎኮች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ሲነበብም ስህተትን የሚያርም ስሌት ያስፈልገዋል። ስልኮችና ብዙ ሜጋባይት የሚፈልጉ ዕቃዎች ናንድ ይጠቀማሉ፤ ርካሹ ራውተርና ሪሲቨር ብዙ ጊዜ ኖር ይይዛሉ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ

መብራት ሲመጣ አዳፕተሩ 220 ቮልቱን ወደ 9 ወይም 12 ቮልት ያወርደዋል፤ ቦርዱ ላይ ያሉት ክፍሎች ደግሞ ወደ 3.3 ቮልትና ከዚያም በታች ያወርዱታል። ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ድረስ ፕሮሰሰሩ ተይዞ ይቆያል። ሲለቀቅ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ሽቦው ውስጥ አብሮት ተፈጥሯል፦ የመጀመሪያው ትእዛዝ የሚገኝበት አድራሻ። በብዙ ራውተሮች ውስጥ በሚገኘው ሚፕስ በተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት አድራሻው ሁልጊዜ አንድና ያው ነው። የቦርዱ ሠሪዎች በዚያ አድራሻ ላይ የኖር ፍላሹ መጀመሪያ እንዲታይ አድርገው ያገናኙታል። ፕሮሰሰሩ አድራሻውን ሲጠይቅ የሚመልስለት ፍላሹ ነው።

«የመጀመሪያውን ማን ይጭነዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው አይጫንም። ባለበት ቦታ፣ ፍላሹ ላይ እንዳለ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ እየተነበበ ይሠራል።

ናንድ ባለበት ዕቃ ይህ አይቻልም፤ በገጽ የሚነበብ ነገር ላይ ፕሮሰሰር በቀጥታ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ የቺፑ አምራች ፕሮሰሰሩ ውስጥ፣ ማንም ሊደመስሰው በማይችል ሜሞሪ ላይ፣ ትንሽ ፕሮግራም ቀርጾ ይሸጣል። ይህ ፕሮግራም ከናንዱ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ኪሎባይት አንብቦ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ወዳለች ጠባብ ሜሞሪ ያስገባና ሥራውን ለዚያ ያስረክባል። የናንድ አምራቾች የመጀመሪያው ብሎክ ጤነኛ ሆኖ እንደሚወጣ ዋስትና የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ቅብብሉ

ከዚህ በኋላ ያለው የዱላ ቅብብል ሩጫ ነው፤ እያንዳንዱ ሯጭ አቅሙ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ ሮጦ ዱላውን ከእሱ ለሚበረታው ያቀብላል።

የመጀመሪያው ሯጭ ዋና ሥራው ራሙን ማዘጋጀት ነው። ራም ሲበራ ወዲያው አይሠራም። ፍጥነቱ፣ ስፋቱና ምልክት የሚቀበልበት ቅጽበት ተለክቶ ሊነገረው ይገባል። እስከዚያ ድረስ ፕሮሰሰሩ የሚጠቀመው ውስጡ ባለው ጠባብ ሜሞሪ ነው።

ራሙ ሲዘጋጅ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ከርነሉን የሚጭነው ፕሮግራም፣ ራሱን ከፍላሽ ወደ ራም ይገለብጣል። በዓለም ላይ ለእንዲህ ዓይነት ዕቃዎች በብዛት የሚሠራበት ቡትሎደር ዩ-ቡት ይባላል፤ ያቋቋሙት ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ዴንክ ሲሆኑ አሁን የያዘውን ስም ያገኘው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ማንም በነፃ ወስዶ ሊያየውና ሊያሻሽለው ስለሚችል ከራውተር እስከ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ ድረስ ገብቷል።

ቡትሎደሩ አሁን ከርነሉን ይፈልጋል። ከርነሉ ፍላሹ ላይ ያለው ታምቆ ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ ወደ ሲሶው ገደማ እንዲያንስ ተደርጎ ተጨምቋል። ለዩ-ቡት የተሰናዳ ከርነል በተለመደው አሠራር ከፊቱ 64 ባይት የምትሆን መግቢያ አለችው። በዚያች ውስጥ 27051956 የሚል መለያ ቁጥር፣ የከርነሉ መጠን፣ ራሙ ውስጥ የሚቀመጥበት አድራሻ፣ ሥራው የሚጀምርበት አድራሻ፣ የአጨማመቁ ዓይነት፣ እስከ 32 ፊደል የሚሆን ስም እና የሂሳብ ማረጋገጫ ይገኛሉ። ቡትሎደሩ የከርነሉን ባይቶች በሙሉ አስልቶ ውጤቱን ከተጻፈው ማረጋገጫ ጋር ያስተያያል። ከተለያየ አንዲት ቢትም ብትሆን ተበላሽታለች ማለት ነውና በዚያው ይቆማል። ከገጠመ ከርነሉን ፈትቶ ራሙ ላይ ይዘረጋዋል።

ከማስረከቡ በፊት ለከርነሉ ማወቅ ያለበትን ይነግረዋል፦ ራሙ ስንት ነው፣ ቦርዱ ላይ ምን ምን አለ፣ መልእክት በየትኛው ወደብ ይውጣ፣ የቀሩት ፋይሎች በየትኛው የፍላሽ ክፍል ይገኛሉ። ከዚያ ወደ ከርነሉ የመጀመሪያ ትእዛዝ ይዘላል፤ ተመልሶም አይመጣም። ከርነሉ ፋይሎቹን የያዘውን ክፍል ከፍቶ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ያስነሳል፤ ያ ፕሮግራም ደግሞ ሌሎቹን።

ሰው የሚገረምበት ነገር ከርነሉን የመጫኑ ሥራ ከጠቅላላው ጥበቃ ትንሿ መሆኗ ነው። ፍላሹ በሰከንድ 25 ሚሊዮን ቢት ቢሰጥ 3 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ አንድ ሜጋባይት የሚሆን የታመቀ ከርነል በሰከንድ ሲሶ ይነበባል። ለመፍታት ጥቂት ይጨመርበታል። የቀረው ጊዜ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ነው፦ ፕሮግራሞቹ ሲነሱ፣ ዋይፋዩ ሲዘጋጅ፣ ራውተሩ በስልክ መስመሩ ማዶ ካለው መሣሪያ ጋር በመስመሩ ፍጥነት ላይ ሲስማማ።

አራት ሜጋባይት በቅርበት

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ዕቃ ከፍተን እንይ። ደብሊውአር841ኤን የተባለው የቲፒ-ሊንክ ራውተር ስምንተኛና ዘጠነኛ እትሙ 32 ሜጋባይት ራምና 4 ሜጋባይት ፍላሽ አለው። አራቱ ሜጋባይት 4096 ኪሎባይት ነው። የመጀመሪያው 128 ኪሎባይት የቡትሎደሩ ነው፤ የራውተሩ መለያ የሆነው ማክ አድራሻም እዚያው ክፍል ጫፍ ላይ ተጽፏል። የመጨረሻው 64 ኪሎባይት የሬዲዮው ልኬት ነው፤ ፋብሪካው እያንዳንዱን ራውተር ለብቻው መዝኖ የጻፈለት ነው። በመካከል የቀረው 3904 ኪሎባይት የከርነሉ፣ የፋይሎቹና ባለቤቱ ያስገባቸው የይለፍ ቃሎች መኖሪያ ነው።

ይህን ካርታ ማወቅ ለጠጋኝ ትልቅ ነገር ነው። የአንዱን ራውተር ፍላሽ እንዳለ ገልብጦ ሌላው ላይ የሚጽፍ ሰው ዕቃውን ማስነሳቱ አይቀርም። ነገር ግን ሁለት ራውተሮች አንድ ማክ አድራሻ ይይዛሉ፤ የሁለተኛው ሬዲዮም በሌላ ሬዲዮ ልኬት ስለሚሠራ ዋይፋዩ ይደክማል። ጥሩ ጠጋኝ ከመደምሰሱ በፊት የዕቃውን የራሱን ፍላሽ አንብቦ ያስቀምጣል፤ መካከለኛውን ክፍል ብቻ ይቀይርና ጫፎቹን የራሱን ይመልስለታል።

በስም የተጠራ ከርነል

በአገራችን ሌላ አካሄድ የያዘ ዕቃም ገብቶ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ 5,000 የሚሆኑ ኤክስኦ የተባሉ አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች መጡ፤ የአማርኛ ፊደል ያለበት የቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ የለውም። 1 ሜጋባይት የምትሆን ትንሽ ፍላሽ የማስነሻ ፕሮግራሙን ትይዛለች፤ 1 ጊጋባይት የሆነው ናንድ ደግሞ ከርነሉንና ፋይሎቹን።

ኦፕን ፈርምዌር የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ከርነሉን እንደ ራውተሩ በተወሰነ አድራሻ አይፈልገውም። ናንዱ ላይ ያለውን የፋይል አደረጃጀት አንብቦ ከርነሉን በፋይል ስሙ ያገኘዋል። ጥቅሙ ከርነሉ ሲቀየር ቦታው የት ይሁን የሚል ጣጣ አለመኖሩ ነው። ኪሳራው ደግሞ የማስነሻ ፕሮግራሙ ፋይል ማንበብ የሚያውቅ፣ ትልቅና ውስብስብ እንዲሆን ማስገደዱ ነው። ከዚህም በላይ የከርነሉን ዲጂታል ፊርማ ይመረምራል፤ ፊርማ የሌለውን ከርነል ለማስነሳት ልዩ ቁልፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዓላማው ላፕቶፑን ከሌባ መጠበቅ ነበር። ዛሬ በብዙ ስልኮችና ራውተሮች ይኸው አሠራር አለ፤ የሂሳብ ማረጋገጫ ብልሽትን ይይዛል፣ ፊርማ ደግሞ የሰው እጅ ያስገባውን ባዕድ ሶፍትዌር። ፊርማው ደህንነትን ይሰጣል፤ የባለቤቱን ዕቃውን የማደስ መብት ግን ቁልፉን በያዘው ኩባንያ እጅ ያደርገዋል። መብቱ ለባለቤቱም መከበር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ማንበብ አይጎዳም፣ መጻፍ ይጎዳል

መብራት በቀን ሦስቴ ቢሄድ ከርነሉ ሦስቴ ይነበባል። ይህ ፍላሹን ያደክመው ይሆን? በኖር ፍላሽ ላይ ማንበብ አያደክምም። የሚያደክመው መደምሰስና መጻፍ ነው፤ ብዙ ኖር ቺፖች እያንዳንዱ ብሎክ 100,000 ጊዜ ያህል መደምሰስን እንዲችል ሆነው ይሠራሉ። ስለዚህ ዕቃው በሚነሳበት ሰዓት መብራት ተመልሶ ቢሄድ ፍላሹ ላይ ያለው ከርነል አይነካም፤ ሩጫው ሲቋረጥ ከመነሻው ይጀመራል። መዘዙ ያለው ሶፍትዌር በሚጫንበት ሰዓት ነው።

ከ2012 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በቆመችው ሳተላይት ወደሚተላለፈው አገልግሎት፣ ሲሸጋገሩ በየመንደሩ ሳህን ሲዞር ከረመ። ከዚያ በፊትም በኋላም ሪሲቨሮች ላይ አዲስ ሶፍትዌር መጫን የዲሽ ሠራተኞች የዕለት ሥራ ነው። ዩኤስቢው ይሰካል፣ አዲሱ ፋይል ይመረጣል፣ መቶኛው መቁጠር ይጀምራል፤ ስክሪኑም «እንዳያጠፉ» ይላል። በዚያች ሰዓት መብራት ከሄደ አሮጌው ተደምስሷል፣ አዲሱ አልተጻፈም። መብራቱ ሲመለስ ሪሲቨሩ «ቡት» ብሎ እዚያው ይቀራል።

ይህን አደጋ ዲዛይን በማስተካከል ማስቀረት ይቻላል። አንዱ መንገድ ሁለት ሶፍትዌር ማስቀመጥ ነው፦ አዲሱ ባዶው ክፍል ላይ ይጻፋል፤ ተጽፎ ሲረጋገጥ ብቻ ቡትሎደሩ ወደዚያ ይዞራል፤ ካልሆነለት ወደ አሮጌው ይመለሳል። አንድሮይድ ይህን አሠራር በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛ እትሙ አስገብቷል። ሌላው ጄኤፍኤፍኤስ2 ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ የቀረበ የፋይል አደረጃጀት ሲሆን አሮጌውን ቅጂ ሳይነካ አዲሱን በሌላ ቦታ ይጽፋል። መብራት እንደኛ በሚቆራረጥበት አገር ዕቃ ሲገዛ፣ በተለይ መሥሪያ ቤቶች በሺህ ሲገዙ፣ «ሁለት ሶፍትዌር ይይዛል ወይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ቡት ላይ የቀረው ሪሲቨር

አንዲት እናት ሪሲቨራቸውን በፌስታል ይዘው ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ሲገቡ ጠጋኙ ልጅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህን ነው፦ «እማማ፣ ሶፍትዌር ሲጫንበት ነው የቆመው ወይስ እንዲያው ነው?» መልሳቸው ሥራውን ግማሽ ያቃልለዋል።

ሲጫንበት ከሆነ ፍላሹ ላይ የጎደለው ጽሑፍ ነው፤ ቺፑ ጤነኛ ነው። ቡትሎደሩ ካልተነካ እሱ ራሱ መውጫ አለው። ከላይ ያየነው ራውተር ዘጠነኛ እትሙ የሪሴት ቁልፉ ተጭኖ ሲበራ፣ 192.168.0.66 የሚል አድራሻ በተሰጠው ኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀለትን ፋይል በኔትወርክ ገመድ ፈልጎ ራሱን በራሱ ይጽፋል። ብዙ ሪሲቨሮችም በጀርባቸው ባለው ወደብ በኩል ከኮምፒውተር ሶፍትዌር ይቀበላሉ። ቡትሎደሩም ከጠፋ ስምንት እግሯ ቺፕ በመቆንጠጫ ተይዛ፣ ወይም ተነቅላ፣ ፕሮግራመር በተባለ መጻፊያ መሣሪያ ትጻፋለች።

እንዲያው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ አዳፕተሩ ይለካ። 12 ቮልት ማውጣት ያለበት አዳፕተር ሲደክም ፕሮሰሰሩ ጀምሮ ይወድቃል፤ ከውጭ ሲታይ ሶፍትዌር የጠፋበት ይመስላል። አዳፕተሩ ደህና ከሆነ ዕቃው ራሱ ይናገር። በብዙ ቦርዶች ላይ ሦስት ወይም አራት ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ይታያሉ፤ መላኪያ፣ መቀበያና ግራውንድ ናቸው። በዩኤስቢ አገናኝ፣ በ3.3 ቮልት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 115,200 ቢት ፍጥነት ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ ቡትሎደሩና ከርነሉ የሚያደርጉትን መስመር በመስመር ይጽፋሉ። ምንም ካልወጣ ችግሩ ከቡትሎደሩ በፊት ነው። ራሙን ቆጥሮ ከቆመ ከርነሉን ይፈልጉ። የማረጋገጫው ሂሳብ አልገጠመም ካለ ከርነሉ ተበላሽቷል። ከርነሉ ተነስቶ ፋይሎቹን አጣሁ ካለ ደግሞ የሚጎድለው ቀጣዩ ክፍል ነው። ዱላው የወደቀበት ቦታ እንዲህ ይታወቃል።

ይህን ማወቅ በኮልፌ ቀራኒዮ ከጥገና ያለፈ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን ያከማቸችበት ረጲ፣ ሰዉ ቆሼ የሚለው፣ በዚሁ አካባቢ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። በ2010 ዓ.ም እዚያው የተመረቀው ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ግን ሲቃጠል መርዝ ይተፋል፤ ሲጣል እርሳሱ አፈር ውስጥ ይገባል። አራት ሜጋባይት ጽሑፍ ስለጎደለው ብቻ ወደዚያ የሚሄድ ዕቃ መኖር የለበትም።

የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ብየዳውንና ቮልት መለካቱን ይማራሉ። ከዚያ እኩል ይህን የአነሳስ ሰንሰለት ቢማሩ፣ በሦስት ሽቦ የሚወጣውን መልእክት ማንበብ ቢለማመዱና የፍላሽ ካርታ መሳል ቢችሉ፣ «ሶፍትዌሩ ጠፍቷል፣ ሌላ ይግዙ» የሚለው መልስ የመጨረሻ አማራጭ ይሆን ነበር። ዕቃዎቹን የሠሯቸው በሩቅ አገር ቢሆኑም እንደ ዩ-ቡት ያለው ቡትሎደር ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚያስፈልገው የኮምፒውተር ገመድ፣ ርካሽ ፕሮግራመርና ደረጃውን በተራ የሚጠይቅ ጠጋኝ ነው። ከየት ድረስ ሮጦ እንደቆመ የታወቀ ዕቃ ደግሞ ተጠግኖ ወደ ባለቤቱ ቤት መመለሱ አይቀርም።